ኮኬይን፣ ዶፓሚን እና የቤተ ሙከራ አይጦች፦ ደሴ ላይ ተደጋግመው የተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ አንጎልና ስለ ሱስ ባነሳሁ ቁጥር ደወል ከተደወለ በኋላም ክፍል የሚቀሩ ተማሪዎች አሉ። "ቲቸር፣ አይጥ እንዴት ሱስ ይይዛታል?" ይሉኛል። ፒያሳ አካባቢ መንገድ ላይ የሚያስቆሙኝ እናቶችም አሉ። የእነሱ ጥያቄ ስለ አይጥ አይደለም፣ ስለ ልጃቸው ነው። ግን መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ይገናኛል። ስለዚህ የሚደጋገሙትን እዚህ ሰብስቤ ጻፍኳቸው። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዶፓሚን "የደስታ ኬሚካል" ነው ይባላል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ዶፓሚን አንዷ የነርቭ ህዋስ ለሌላዋ መልእክት የምታስተላልፍበት ኬሚካል ነው። ራሱን የቻለ መልእክተኛ መሆኑን በ1950ዎቹ መጨረሻ ያሳየው ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ነው። ሬዘርፒን የሚባል መድኃኒት ለጥንቸሎች ሰጠ። ጥንቸሎቹ ደነዘዙ፣ መንቀሳቀስ አቃታቸው። ከዚያ አንጎል ዶፓሚን የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ፣ ኤል-ዶፓን፣ ወጋቸው። ተነስተው ተንቀሳቀሱ። በ2000 ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ። ልብ በሉ፣ እዚህ ታሪክ ውስጥ ደስታ የሚባል ነገር የለም። ያለው እንቅስቃሴ ነው። የፓርኪንሰን ሕመምተኞች እጅና እግራቸው የሚተሳሰረውም ዶፓሚን የሚሠሩ ህዋሶቻቸው ስለሚሞቱ ነው።

የደስታው ነገር የመጣው ከሌላ በኩል ነው። በ1954 ካናዳ ውስጥ ኦልድስና ሚልነር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አይጠ መጎጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገቡ። እንስሳው ማንሻ ሲጫን ትንሽ ኤሌክትሪክ ይደርሰዋል። አይጠ መጎጦቹ ማንሻውን ደጋግመው ይጫኑት ጀመር። የተነካው መስመር በአብዛኛው የዶፓሚን መንገድ እንደሆነ በኋላ ታወቀ።

ለእኔ ግን ነገሩን ከሁሉም በላይ ያፈታታልኝ የቮልፍራም ሹልትስ የዝንጀሮ ሙከራ ነው። ዝንጀሮው ያላሰበው ጭማቂ ጠብ ሲልለት የዶፓሚን ህዋሶቹ ይተኩሳሉ። ከጭማቂው በፊት ሁልጊዜ መብራት እንደሚበራ ከተማረ በኋላ ግን ህዋሶቹ ለጭማቂው ዝም ይላሉ። የሚተኩሱት ለመብራቱ ነው። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ ከወትሯቸው በታች ይወርዳሉ። እኛ ቤት ቡና ሲቆላ ሽታው ገና ከጓዳ ሳይወጣ ሰው እንዴት እንደሚነቃቃ አስቡት። ቡናው ገና አልተወቀጠም። ዶፓሚን እንግዲህ እንደዚያ ነው። "ደስ አለኝ" ከማለት ይልቅ "ይሄ ነገር ይጠቅማል፣ ምልክቱን ያዝ" ይላል። ትምህርት ነው።

ኮኬይን እዚያ ገብቶ ምንድን ነው የሚያደርገው?

ቡናው ላይ እንቆይ። አንዷ ህዋስ ቡና አፍይ ናት እንበል። ስኒው ዶፓሚን ነው። አቦሉን ቀድታ ታድላለች። እንግዶቹ፣ ማለትም በማዶ ያለችው ህዋስ ተቀባዮች፣ ስኒውን ይይዛሉ። መልእክቱ ደረሰ። ከዚያ አንድ ቀልጣፋ ልጅ ስኒዎቹን ሰብስቦ ወደ ረከቦቱ ይመልሳል። ታጥቦ ለቶና ይቀዳበታል። አንጎል ውስጥ ይሄ ልጅ የዶፓሚን ማጓጓዣ የሚባል ፕሮቲን ነው። ላኪዋ ህዋስ ቆዳ ላይ ተተክሎ የተረጨውን ዶፓሚን መልሶ ወደ ውስጥ ያስገባል።

ኮኬይን የሚይዘው የዚህን ልጅ እጅ ነው። ዶፓሚኑ ራሱ የሚቀመጥባት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይቀረቀራል። ይሄ ግምት አይደለም። በ2015 የዝንብ ማጓጓዣ ፕሮቲን ከነኮኬይኑ በኤክስሬይ ቅርጹ ታይቷል። ውጤቱ ምንድን ነው? ስኒው አይሰበሰብም። ከአንዱ እንግዳ ወደ ሌላው ይዞራል። አንዴ የተላከው መልእክት ደጋግሞ ይነበባል። ኮኬይን ዶፓሚን አይጨምቅም፣ መመለሻውን ነው የሚዘጋው።

የሴሮቶኒንንና የኖርአድሬናሊንን ማጓጓዣም ይዘጋል። ለደስታውና ለሱሱ ግን ዋናው የዶፓሚኑ ነው። በ1987 ተመራማሪዎች ኮኬይንንና ዘመዶቹ የሆኑ ኬሚካሎችን ጎን ለጎን አስቀምጠው አወዳደሩ። አንድ ኬሚካል የዶፓሚንን ማጓጓዣ አጥብቆ በያዘ መጠን እንስሳት ራሳቸው እንዲወስዱት የሚያደርግበት አቅምም ይበረታ ነበር።

ጭንቅላት ውስጥ ያለ ኬሚካል እንዴት ይለካል?

ተማሪዎቼ በጣም የሚወዱት ጥያቄ ይሄ ነው። አንዱ መንገድ ማይክሮዳያሊሲስ ይባላል። በጣም ቀጭን ቱቦ ታስባላችሁ። ጫፉ ላይ ወንፊት የመሰለ ስስ ሽፋን አለው። ቱቦው በቀዶ ጥገና አንጎል ውስጥ ይቀመጣል። እንስሳው ካገገመ በኋላ በቱቦው ውስጥ ፈሳሽ በዝግታ ይፈሳል። በዙሪያው ያለው ዶፓሚን በወንፊቱ ሾልኮ ይገባል። በየጥቂት ደቂቃው ጠብታው ይሰበሰብና ይመረመራል። እንስሳው በዚህ ሁሉ መሐል ሳጥኑ ውስጥ ይመላለሳል፣ ያሸታል፣ ይበላል።

በ1988 ጣሊያናውያኑ ዲ ኪያራና ኢምፔራቶ በዚህ ዘዴ አንድ ትልቅ ነገር አሳዩ። ኮኬይን፣ አምፌታሚን፣ ሞርፊን፣ አልኮልና ኒኮቲን በየራሳቸው መንገድ የሚሠሩ ናቸው። ሁሉም ግን ኒውክለስ አኩምበንስ በምትባል ትንሽ የአንጎል ክፍል ዶፓሚንን ከፍ አደረጉ። ሱስ የማያስይዙት መድኃኒቶች ይህን አላደረጉም። ይሄንን ሳነብ የተማሪ ቤት ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት።

ሌላው ዘዴ ከፀጉር የቀጠነ የካርቦን ክር ነው። እሱ በሰከንድ ክፍልፋይ ይለካል።

ሰዎች እየወጓት ነው እንጂ አይጧ ራሷ እንዴት ሱሰኛ ትሆናለች?

ራሷ ናት የምትወስደው። ደም ሥሯ ላይ ቀጭን ቱቦ ይተከላል። ሳጥኗ ውስጥ ማንሻ አለ። ስትጫነው ትንሽ ኮኬይን ይገባል። የሚያስገድዳት የለም። ግን ትጫናለች።

እዚህ ላይ ሁለት ሙከራዎችን መናገር ግድ ይለኛል። አንዱ የ1985ቱ ነው። አይጠ መጎጦች ቀንና ሌሊት ኮኬይን እንደልባቸው እንዲያገኙ ተደረገ። በ30 ቀን ውስጥ ከመቶ 90ዎቹ ሞቱ። መብላታቸውን ትተው፣ ክብደታቸው አልቆ። ሁለተኛው የ1998ቱ ነው፣ እሱ ይበልጥ ያስተምራል። አንደኛው ቡድን በቀን 1 ሰዓት ብቻ ኮኬይን ተፈቀደለት። ሁለተኛው 6 ሰዓት። ባለ 1 ሰዓቶቹ ለሳምንታት መጠናቸውን ሳይጨምሩ ቆዩ። ባለ 6 ሰዓቶቹ ግን ከቀን ወደ ቀን እየጨመሩ ሄዱ። ያው ዘር፣ ያው ኬሚካል ነው። የተለየው ከነገሩ ጋር የሚቀመጡበት ጊዜ ነው። "ለመዝናናት ያህል ነው" የሚለኝ ወጣት ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምነግረው ይህችን ነው።

ጥፋቱ የዚያ ማጓጓዣ ብቻ መሆኑን በምን አወቁ?

ቶሎ አላወቁም፣ ተደናብረውበታል። በ1996 ማጓጓዣው ጭራሽ የሌላቸው ትንንሽ አይጦች ተፈጠሩ። ስኒ የሚሰበስብ ልጅ የሌለበት ቤት ማለት ነው። ዶፓሚኑ ከተለመደው ቢያንስ 100 እጥፍ ለሚበልጥ ጊዜ ውጭ ይቆይ ነበር። አይጦቹ ያለ ዕረፍት ይሯሯጣሉ። ኮኬይን ሲሰጣቸው ከዚያ በላይ አልጨመሩም። ጉዳዩ ያለቀ መሰለ።

በ1998 ግን እነዚሁ ማጓጓዣ የሌላቸው አይጦች ኮኬይንን ራሳቸው እየተጫኑ ሲወስዱ ተገኙ! ያልተጠበቀ ነበር። ሳይንስ ደስ የሚለኝ እንዲህ ሲሆን ነው። መልሱ ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ ያለ ማጓጓዣ ተወልዶ ያደገ አንጎል ራሱን በሌላ መንገድ ያስተካክላል። የሴሮቶኒኑም ማጓጓዣ አብሮ ሲጠፋ የኮኬይኑ መስህብ ቀረ። ሁለተኛ፣ በ2006 ይበልጥ የረቀቀ ሙከራ ተሠራ። ማጓጓዣውን አላጠፉትም። 3 አሚኖ አሲዶቹን ብቻ ቀየሩና ዶፓሚን የሚሰበስብ፣ ኮኬይን ግን የማይዘው አደረጉት። እነዚያ አይጦች ኮኬይን ያገኙበትን ክፍል ከሌላው ለይተው አልወደዱትም። ክርክሩ በአብዛኛው እዚህ ላይ ረገበ።

አንዴ ብቻ ቢሞከርስ?

በ2001 ትንንሽ አይጦች አንድ ጊዜ ብቻ ኮኬይን ተወጉ። የዶፓሚን ህዋሶቻቸው ላይ የሚያርፉት ቀስቃሽ ግንኙነቶች ጠነከሩ። ከ5 ቀን በኋላ ሲታይ ለውጡ አሁንም ነበረ። በ10ኛው ቀን ጠፍቷል። ኮኬይኑ ከደም የወጣው ግን በሰዓታት ውስጥ ነው። ይሄ ማለት አንዴ የቀመሰ ሁሉ ሱሰኛ ይሆናል ማለት አይደለም። አንጎል ግን አንዷንም ቢሆን ይመዘግባታል።

ሰው ከተወው ከወራት በኋላ ለምን ይመለስበታል?

በ2001 የታተመ ሌላ ጥናት አለ። አይጠ መጎጦች ለ10 ቀን በየቀኑ 6 ሰዓት ኮኬይን ከወሰዱ በኋላ ተከለከሉ። ከዚያ በተለያየ ጊዜ ወደ ሳጥኑ ተመለሱ። ኮኬይን የለም፣ የድሮው ምልክትና ማንሻ ብቻ ነው ያለው። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ተጫኑ። ከሳምንታት በኋላ ይበልጥ። እስከ 60 ቀን ድረስ ፍላጎቱ እየጨመረ ነበር የሄደው። ሀራራ በጊዜ ይደበዝዛል ብለን እናስባለን። ለምልክት የሚነሳው ሀራራ ግን መጀመሪያ ላይ ይበስላል።

ከዚህ ሌላ የተቀባዮቹ ነገር አለ። ዝንጀሮዎች ኮኬይን ራሳቸው መውሰድ በጀመሩ በ1 ሳምንት ውስጥ ዲ2 የሚባሉት የዶፓሚን ተቀባዮች ከ15 እስከ 20 በመቶ ቀነሱ። ለ1 ሳምንት ብቻ የወሰዱት በ3 ሳምንት አገገሙ። ለ1 ዓመት ከወሰዱት 5 ዝንጀሮዎች ግን 3ቱ በ3 ወር ውስጥ ሲያገግሙ፣ የቀሩት ሁለቱ ግን ካቆሙ 1 ዓመት ሞልቷቸውም ተቀባዮቻቸው ወደ ቦታቸው አልተመለሱም። ይሄ የ2006 ጥናት ነው። ተቀባይ ሲቀንስ ምግቡም፣ ጨዋታውም፣ የሰው ፊትም ይቀዘቅዛል ተብሎ ይታሰባል። ጫት የሚቅሙ ሰዎች "ዱካክ" የሚሉትን ስሰማ ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው።

ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከሚሌ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባል። ሌሊቱን በጫት ነበር የሚነዳው። ተወው። አራት ወር ሙሉ ደህና ነበር። አንድ ቀን ባቲ ላይ ጎማ ሊያስነፋ ቆመ። አጠገቡ አንድ ልጅ እርጥብ እስር ከኮባ ቅጠል ውስጥ ፈትቶ ውሃ ይረጭበታል። "ሽታው ሲመጣ ምራቄ ሞላ፣ እጄ ኪሴ ገባ፣ ሳላስበው" አለኝ። ያፈረበት ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። የአይጠ መጎጦቹን ጥናት ያን ዕለት ማታ ነገርኩት። "አብሽር፣ ይሄ ያንተ ልፍስፍስነት አይደለም፣ የተማረ አንጎል ነው" አልኩት።

ጫትና ኮኬይን አንድ ናቸው እንዴ?

አይደሉም። ኮኬይን የሚወጣው ከደቡብ አሜሪካው የኮካ ቅጠል ነው። ስለ ኮኬይን እዚህ የምንሰማው ቦሌ ኤርፖርት ተያዘ ሲባል ነው። ጫት ግን ቤታችን ያለ ነገር ነው። ወሎ ውስጥ በዱዓና በወዳጃ ላይም ቦታ አለው፣ ስለዚህ ሰውን ሳላስቀይም ልናገር።

እርጥብ ጫት ውስጥ ያለው ዋና አነቃቂ ካቲኖን ይባላል። በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለየ። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ኬሚካሎች ይለወጣል። ነጋዴው በኮባ ጠቅልሎ በሩጫ የሚያደርሰው፣ የደረቀውን ደግሞ ማንም የማይፈልገው ለዚህ ነው። አሠራሩ ከኮኬይን ይልቅ ለአምፌታሚን ይቀርባል። ኮኬይን የልጁን እጅ ይይዛል ብለናል። ካቲኖን ግን ልጁን ወደ ኋላ ያስኬደዋል፣ ጓዳ ያለውን ስኒ ሁሉ ወደ ውጭ ያስወጣዋል። በቤተ ሙከራ ዝንጀሮዎች ንጹህ ካቲኖንን ማንሻ እየተጫኑ ወስደውታል።

ትልቁ ልዩነት ፍጥነት ነው። የሚጨስ ወይም በደም ሥር የሚሰጥ ኮኬይን በሰከንዶች አንጎል ይደርሳል። ጫት ሰዓታት የሚወስድ ማኘክ ነው፣ ምርቃናውም በዝግታ ነው የሚመጣው። አንድ ነገር ቶሎ አንጎል በገባ መጠን የማስያዝ ኃይሉ ይበረታል። ይሄ ግን ጫት አያስይዝም ማለት አይደለም። ከምርቃና ለመውረድ ጨብሲ እየጨመሩ ሁለት ሱስ ይዘው የቀሩ ልጆችን አስተምሬአለሁ።

ቡናስ?

ቡና የሚሠራው በሌላ በር ነው። ካፌይን አዴኖሲን የሚባለውን፣ የድካም ስሜት የሚያመጣውን ኬሚካል ተቀባዩን ይዘጋል። የዶፓሚን ማጓጓዣን አይነካም። በረካችሁን ጠጡ።

አይጥና ሰው እንዴት አንድ ይሆናሉ?

አንድ አይደሉም። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ህዋሶች አሉት፣ አይጠ መጎጥ 200 ሚሊዮን ገደማ። ግን የዶፓሚን ህዋሶች በሁለቱም ጥቂቶች ናቸው፣ በሰው አንጎል ከ1 ሚሊዮን በታች። የሚኖሩትም አንድ ሰፈር ነው፣ በመካከለኛው አንጎል። ማጓጓዣውም በጣም ተመሳሳይ ነው። በሰው ላይ በአንጎል ምስል ሲታይም ኮኬይን የሚወስዱ ሰዎች ዲ2 ተቀባይ አንሶ ተገኝቷል። አይጥ የማታሳየን ዕዳውን፣ ሥራ ማጣቱን፣ ሐዘኑን ነው።

ነገር ግን ዝንጀሮዎች ትንሽ አሳይተውናል። በ2002 በወጣ ጥናት ለየብቻ ይኖሩ የነበሩ ዝንጀሮዎች አራት አራት ሆነው አብረው ኖሩ። በቡድኑ ውስጥ የበላይ የሆኑት ዲ2 ተቀባያቸው ጨመረ። የተገፉት፣ ሌሎቹ የሚጫኗቸው፣ ባለበት ቀረ። ኮኬይን ሲቀርብ አጥብቀው የወሰዱት እነዚያ የተገፉት ናቸው። ልጁን በሰው ፊት የሚያዋርድ አባት ሳይ ይሄን ጥናት አንብቡልኝ ማለት ያምረኛል።

በእንስሳቱ ላይ ግፍ አይደለም ወይ?

ይሄን የጠየቀችኝ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። የ90 በመቶውን ሙከራ ስነግራት ነው። ልክ ናት፣ ከባድ ነው። ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1959 ሦስት መርሆችን አስቀመጡ። በሌላ ዘዴ መተካት ከተቻለ ተካ። ካልተቻለ የእንስሳቱን ቁጥር ቀንስ። የምትጠቀማቸውንም ስቃያቸውን አቅልል። ዛሬ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች በዚህ ነው የሚመዝኑት። እኔም እነዚህን ቁጥሮች በጠራሁ ቁጥር ከኋላቸው ነፍስ ያለው ፍጥረት እንዳለ አልረሳም።

ሱስ የያዘውን ሰው ለመርዳት ከእነዚህ ሙከራዎች የሚገኝ ነገር አለ?

ለኮኬይን ሱስ እስካሁን ተፈትኖ የጸደቀ እንክብል የለም። ማጓጓዣውን መልሶ መዝጋትም፣ ዶፓሚንን ጭራሽ ማፈንም አላዋጣም። ዶፓሚንን ካፈንክ ሰውየው መሄድም መፈለግም ያቅተዋል፣ እንደ ካርልሰን ጥንቸሎች።

ግን በ2007 ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ነገር ተሠራ። አይጠ መጎጦች ሁለት ማንሻ ቀረበላቸው። አንዱ ኮኬይን፣ አንዱ በሳካሪን የጣፈጠ ውሃ። ከመቶ 94ቱ ጣፋጩን መረጡ። በ2018 ደግሞ ሜትአምፌታሚን ወይም ሄሮይን የለመዱ አይጠ መጎጦች ሌላ ምርጫ ተሰጣቸው። አንዱ ማንሻ ዕፁን ይሰጣል፣ ሌላው ጓደኛ ያለበትን ክፍል በር ይከፍታል። በሩን ከፈቱ። ያ የ1985ቱ ሳጥን ውስጥ ከማንሻው ሌላ የረባ ነገር አልነበረም።

በሰው ላይ ለኮኬይን ሱስ ከተሞከሩት ሁሉ ጥሩ ውጤት ካሳዩት አንዱ ከዚህ ይመሳሰላል። ሰውየው ሽንቱ ተመርምሮ ንጹህ ሲሆን ትንሽ ሽልማት ይሰጠዋል፣ ወዲያው፣ በየጊዜው። ከምክክር ጋር ሆኖ ብዙዎችን ረድቷል። እንግዲህ የሚጠይቁኝን እናቶች መጀመሪያ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል እልካቸዋለሁ፣ ጠበል ወይም ዱዓ ቢያደርጉም ጎን ለጎን። ቀጥሎ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ "ልጅዎ ድሮ በርጫ በሚቀመጥበት ሰዓት አሁን የት ነው የሚውለው?"

ወንድሜ ከባቲው ቀን በኋላ ጎማ የሚያስነፋበትን ቦታ ቀየረ። የሥራ ዕረፍቱ የሆነችው ቅዳሜ ከሰዓት በጣም ከበደችው። በርጫው ያን ሰዓት ነበር። እናታችን ምንም አልተናገረችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ እኛ ቤት ሆነ። ከኮምቦልቻ ሐረጎን በታክሲ ወጥቶ ይመጣል። እናቴ ትቆላለች፣ እሱ ሙቀጫውን ሁለት እግሩ መሐል አድርጎ ይወቅጣል፣ የሠፈር ልጆች ከበውት የሚሌን በረሃ ይጠይቁታል።